ከፖስታ ቤት አራት ኪሎ፣ በማርሴይ በኩል

የአንባቢ ጥያቄ፦ «የማተሚያ ሥራ ነው የምንሠራው። ዋናው ቢሯችን ፖስታ ቤት ጀርባ ነው፤ አራት ኪሎ ደግሞ ትእዛዝ የምንቀበልበት ሌላ ቢሮ አለን። የሒሳብ ፕሮግራማችን ዳታቤዝ ያለው ፖስታ ቤት ባለው ሰርቨር ላይ ሲሆን የአራት ኪሎዋ ገንዘብ ያዥ በኢንተርኔት እየገባች ትሠራለች። ሁለቱ ቢሮዎች የሚጠቀሙት የተለያየ አቅራቢ ነው። አንድ ደረሰኝ ለመክፈት ሰባት ስምንት ሰከንድ ይፈጅባታል፤ ደንበኛ ፊቷ ቆሞ ያጉረመርማል። ፒንግ (መልእክት ደርሶ የሚመለስበትን ጊዜ የሚለካ ትእዛዝ) ስናደርግ 190 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ያሳያል። ትሬስራውት (መልእክቱ የሚያልፍባቸውን ጣቢያዎች በተራ የሚያሳይ ትእዛዝ) ስናደርግ ደግሞ መሐል ላይ ማርሴይ የሚል አገኘን። የአይቲ ልጃችን ‹መረጃችን ፈረንሳይ ላይ እየተጠለፈ ነው፣ ቪፒኤን (መረጃን ቆልፎ የሚያሳልፍ መስመር) እንግዛ› ይላል። የአቅራቢያችን ሠራተኛ ‹ከ10 ሜጋ ወደ 50 ሜጋ ካሳደጋችሁ ይፈታል› አለን። የሚገርመው ዩትዩብ በሁለቱም ቢሮ ያለ ችግር ይሠራል። ማንን እንመን?»

ምላሽ፦ ማናቸውንም አይመኑ። የአይቲ ልጅዎ ግን ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ ትሬስራውቱን ማየቱ ብቻ ከብዙ ባለሙያ ያስበልጠዋል። የሻጩ ምክር ከኪስዎ ከማውጣት በቀር አንድ ሚሊ ሰከንድ አይቀንስልዎትም።

ከሻጩ ልጀምር። ሜጋ የመንገዱ ስፋት ነው፣ ሚሊ ሰከንዱ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። የቸርችልን ጎዳና በእጥፍ ቢያሰፉት ከፖስታ ቤት ፒያሳ ያለው ርቀት አያጥርም። የሒሳብ ፕሮግራምዎ አንድ ደረሰኝ ሲከፍት ዳታቤዙን አንዴ ጠይቆ አይበቃውም። መጀመሪያ ገንዘብ ያዥዋ ፈቃድ እንዳላት፣ ቀጥሎ የደንበኛውን ስም፣ ከዚያ ቀሪ ሒሳቡን፣ የሥራውን ዓይነት፣ የወረቀቱን ዋጋ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱን፣ የመጨረሻውን የደረሰኝ ቁጥር ይጠይቃል። አንዱ ጥያቄ ሳይመለስ ሌላው አይላክም። እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች አርባ ቢሆኑ፣ አርባ ጊዜ 190 ማለት 7,600 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሰባት ሰከንድ ተኩል። ደንበኛው የሚያጉረመርመው በዚህ ስሌት ላይ ነው። ጥያቄዎቹ እያንዳንዳቸው ጥቂት መቶ ባይት ስለሆኑ አሁን ያለዎትን 10 ሜጋ እንኳ አይሞሉትም፤ 50 ሲገዙ ባዶው መንገድ ይበልጥ ባዶ ይሆናል።

ትልልቅ ፋይል ሲልኩም ርቀቱ ይከተልዎታል። አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች «ደርሶኛል» የሚል መልስ ሳይቀበሉ በአንድ ጊዜ ከ64 ኪሎባይት በላይ አይለቁም። በ190 ሚሊ ሰከንድ ርቀት ላይ እንዲህ ያለ ፕሮግራም በሰከንድ ከ2.8 ሜጋቢት አያልፍም፤ 50 ሜጋ ይግዙ 500። ያው ፕሮግራም፣ ያው ፋይል፣ ርቀቱ 5 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን 100 ሜጋቢትን ያልፋል። ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የተማርሁት። ከዓመታት በፊት ልደታ አካባቢ ላለ አንድ አስመጪ ድርጅት፣ ሰርቨሩን ጀርመን ተከራይቶ ለሚሠራ፣ «መስመርህን አሳድግ» ብዬ ያስከፈልሁት እኔ ራሴ ነኝ። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ስዊች (ብዙ ገመድ የሚሰካበትን ማገናኛ) ስቀይር፣ ገመድ ስዘረጋ ዋልሁ። ሰኞ ጠዋት ጸሐፊዋ «ምንም አልተለወጠም እኮ» ስትለኝ ነው ፒንግ ማድረግ ትዝ ያለኝ።

አሁን ወደ ርቀቱ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ 100 ኪሎ ሜትር የፋይበር ርዝመት ደርሶ መልስ 1 ሚሊ ሰከንድ ይቆጠራል። ከፖስታ ቤት በፒያሳ፣ በራስ መኮንን ድልድይ አድርጎ አራት ኪሎ ሦስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ብርሃኑ የአንድ ሚሊ ሰከንድ ሽራፊ ይበቃዋል፤ በየራውተሩ (መረጃውን ወደ ቀጣዩ ጣቢያ በሚመራው መሣሪያ) የሚጠብቀው ተጨምሮ እንኳ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ጥሩ ውጤት ነው። 190 የሚሆነው ሩቅ ተሂዶ ሲመጣ ብቻ ነው።

የላኩልኝን ትሬስራውት እንየው። ስድስተኛው መስመር 6 ሚሊ ሰከንድ ይላል። ሰባተኛው 97። በሁለቱ መካከል ያለው ዝላይ ባሕር ነው። የሰባተኛው ራውተር ስም ውስጥ «ኤም አር ኤስ» የሚሉ ፊደላት አሉ፤ የኔትወርክ ሰዎች ራውተርን በአውሮፕላን ማረፊያ ምልክት መሰየም ይወዳሉ፣ ይህም የማርሴይ ነው። በስም ብቻ ግን አይመኑ። ራውተር ሌላ ከተማ ተዛውሮ ስሙ ሳይቀየር ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ የአይፒ አድራሻን አገር የሚነግሩ ድረ ገጾችም ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ኩባንያው የተመዘገበበትን አገር ነው። እኔን ያሳመነኝ ሒሳቡ ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ፣ ከዚያ በቀይ ባሕር ሽቅብ፣ ግብፅን አቋርጦ፣ በሜዲትራኒያን ማርሴይ 6,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን፣ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 65 ሚሊ ሰከንድ ነው። በየጣቢያው ያለው መዘግየትና የኬብሉ መጠማዘዝ ሲታከል 97 ልክ የሚመስል ቁጥር ነው። የቀረው 93 ደግሞ ከማርሴይ ተመልሶ አራት ኪሎ የሚደርሰው እግር ነው። ማለትም ገንዘብ ያዥዋ አንድ ጊዜ ቁልፍ በተጫነች ቁጥር ጥያቄዋ አውሮፓ ደርሶ ይመጣል፤ መልሱም እንዲሁ። የሙያው ሰዎች ይህን ትሮምቦን ይሉታል፣ እየተሳበ ወጥቶ በሚመለሰው የነሐስ ቱቦ ምክንያት። ዙሪያ ጥምጥም ብንለውም ያው ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ብዙ ሰው ኢንተርኔት አንድ ትልቅ ገመድ ይመስለዋል። አይደለም። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ እያንዳንዳቸው ባለቤት ያላቸው ኔትወርኮች ናቸው። እያንዳንዱ ኦቶኖመስ ሲስተም ይባላል፤ የራሱ ቁጥር አለው፤ በአፍሪካ ይህን ቁጥርም የአይፒ አድራሻንም የሚያድለው ሞሪሸስ ያለው አፍሪኒክ ነው። ኔትወርኮቹ «እነዚህ አድራሻዎች እኔ ጋ ናቸው» ብለው የሚነጋገሩበት ቋንቋ ቢጂፒ ይባላል። ቢጂፒ ኪሎ ሜትር አያውቅም። ማርሴይ ከአራት ኪሎ ይራቅ ይቅረብ አይጠይቅም። የሚያውቀው ስንት ኔትወርክ እንደሚታለፍና ከሁሉ በፊት የኔትወርኩ ባለቤት ምን እንዳዘዘው ነው። ባለቤቱ የሚያዝዘው ደግሞ በገንዘብ ነው፦ ከሚከፍለኝ ደንበኛ በኩል የሚሄድ መንገድ ካለ እሱን ይዘህ ሂድ፤ ከሌለ በነፃ በምንለዋወጥበት፤ እሱም ከሌለ ከፍዬ በምገዛው።

ይህ የመጨረሻው ትራንዚት ይባላል። አቅራቢዎ ከሱ ለሚበልጥ ዓለም አቀፍ ኩባንያ ከፍሎ «ወደ መላው ዓለም አድርስልኝ» ይለዋል። መካከለኛው ፒሪንግ ነው፤ እሱን ለማስረዳት ከወንፈል የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ዛሬ እኔ የአንተን ማሳ አርማለሁ፣ ነገ አንተ የእኔን፤ በመካከላችን ብር አይተላለፍም። ግን ወንፈል የገባሁት ከአንተ ጋር ነው እንጂ ከአማችህ ጋር አይደለም፤ የአማችህን ማሳ አርም ብትለኝ ወንፈሉ ይፈርሳል። ፒሪንግም እንደዚሁ የሁለቱን ኔትወርኮች የራሳቸውን ደንበኞች ብቻ ያገናኛል፣ ለሦስተኛ ወገን መሸጋገሪያ አይሆንም። የእርስዎ ሁለት አቅራቢዎች፣ ቢያንስ በእነዚህ ሁለት አድራሻዎች መካከል፣ አዲስ አበባ ላይ ወንፈል የላቸውም ወይም ቢኖራቸውም አድራሻዎቹ እዚያ አልተነገሩም። ስለዚህ እያንዳንዳቸው ትራንዚት ወደገዙበት ኩባንያ ይሄዳሉ፤ ሁለቱ ሻጮች ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን የሚገናኙት ማርሴይ ነው። ማርሴይ የሆነበትም ምክንያት አለ። ከእስያ፣ ከባሕረ ሰላጤውና ከምሥራቅ አፍሪካ በቀይ ባሕር የሚመጡ ብዙ ኬብሎች የሚወጡት እዚያ ነው፤ ለምሳሌ ከሆንግ ኮንግ የሚነሳውና ጅቡቲንም የሚነካው ኤኤኢ-1።

የአቅራቢዎቹን ስም ከጥያቄዎ ላይ ያወጣሁት ሆን ብዬ ነው። ከዋና ዋናዎቹ ኦፕሬተሮች ሌላ መስመር በጅምላ ገዝተው የሚቸረችሩም ስላሉ ስም መገመት አይጠቅምም።

«ስልክ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ይደወል የለ እንዴ? ታዲያ ኢንተርኔቱ ምን ሆነ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። የስልክ ጥሪ ሌላ ሥርዓት ነው፤ ተቀባዩ ኩባንያ በየደቂቃው ስለሚከፈለው ካልተገናኙ ጥሪው ጭራሽ አይገባም። ስለዚህ ይገናኛሉ። ኢንተርኔት ግን ሳይገናኙም «ይሠራል»፤ በማርሴይ ዞሮ ይገባል። የሚጎዳው ደንበኛው ነው፣ ደንበኛው ደግሞ ጥፋቱን በፕሮግራሙ ወይም በኮምፒውተሩ ያሳብባል። ችግሩ ሳይታይ ዓመታት የሚቆየው ለዚህ ነው። አገራችን ላይ ደግሞ ጥያቄው ራሱ አዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ከተጀመረው ከመጀመሪያው የስልክ መስመር አንሥቶ አገልግሎቱ በአንድ ቤት እጅ ነበር። ሁለተኛው ኦፕሬተር ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ነው። አንድ ቤት ውስጥ ማን ከማን ይለዋወጣል?

መፍትሔው በዓለም ላይ የታወቀ ነው፦ የኢንተርኔት ልውውጥ ማዕከል። የባንኮችን ኤቲኤም የሚያገናኘውን ኢትስዊችን ያስቡ። የአንዱን ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ኤቲኤም የሚጠቀሙት እያንዳንዱ ባንክ ከእያንዳንዱ ጋር ለብቻው ገመድ ስለዘረጋ አይደለም፤ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ስለገቡ ነው። የልውውጥ ማዕከልም አንድ ክፍል ውስጥ ያለ ስዊች ነው፣ ከዚያ የበለጠ ምሥጢር የለውም። ኔትወርኮች አንድ አንድ ፋይበር ይዘው ይመጣሉ፣ እዚያው ይሰካሉ፣ የአገር ውስጡን ጭነት እዚያው ይቀባበላሉ። ከኢትስዊች የሚለየው ማዕከሉ በየግብይቱ አለማስከፈሉ ነው፤ የሚከፈለው ለሶኬቱ ነው፣ ብዙ አስተላለፉ ጥቂት። ለንደን ሊንክስ እ.ኤ.አ. ከ1994፣ ፍራንክፈርት ዲኢ-ሲክስ ከ1995 ጀምሮ ይህን ሲሠሩ ኖረዋል።

ሥራው ቀላል ከሆነ ለምን ያስቸግራል? ፋይበሩን መሰካት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ስምምነቱ ነው ወራት የሚፈጀው። ትልቁ ኔትወርክ ትንሹን ሲያይ እኩያ አይታየውም፤ ነገ መስመር የሚሸጥለት ደንበኛ ነው የሚታየው። ለሚገዛህ ሰው በነፃ ለምን ትሰጣለህ? የኬንያ ታሪክ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ናይሮቢ ላይ ኪክስፕ የሚባለው ማዕከል እ.ኤ.አ. በኅዳር 2000 ተከፈተ። በጊዜው የዓለም አቀፍ መስመር ብቸኛ ሻጭ የነበረው ቴልኮም ኬንያ አቤት አለ፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ሥራ በጀመረ በሳምንታት ውስጥ ዘጋው። ዳግመኛ የተከፈተው በ2002 ነው። ከዚያ በኋላ በኬንያ ኔትወርኮች መካከል ከ200 እስከ 600 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅ የነበረው ወደ 2 እስከ 10 ወረደ። መሣሪያው ያው ስዊች ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ የጠፋው በክርክር ነው።

ማዕከሉ የግድ እዚሁ ካልሆነ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም፤ የአካባቢው ልውውጥም ብዙ ያድናል። ባቡሩ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፋይበሩ እየተጠማዘዘ 900 ቢሆን እንኳ ሁለቱ አቅራቢዎችዎ ጅቡቲ ላይ ቢገናኙ ዙሩ በስሌት 18 ሚሊ ሰከንድ፣ በተግባር ከ25 እስከ 30 ይሆን ነበር። ናይሮቢ ላይ ቢገናኙ፣ በሞያሌ በኩል ከ40 እስከ 60። ለገንዘብ ያዥዋ ይህ ከሰባት ሰከንድ ተኩል ወደ አንድ ሁለት ሰከንድ መውረድ ነው። ለሁለት ለሚጎራበቱ ሰፈሮች አሁንም አሳፋሪ ቢሆንም ደንበኛው ማጉረምረም ያቆማል።

ዩትዩብ ለምን ይፈጥናል? ምክንያቱም ቪዲዮው ውጭ አገር ሄዶ አይመጣም። ጉግል፣ ሜታና ኔትፍሊክስን የመሰሉ ኩባንያዎች ብዙ ሰው የሚያየውን ይዘት የሚያስቀምጡ ሰርቨሮች በየአገሩ አቅራቢዎች ቤት ውስጥና ቅርብ ባሉ የልውውጥ ማዕከላት ያኖራሉ። ለአቅራቢው የትራንዚት ወጪ ይቀንስለታል፣ ለነሱ ተመልካች አይሸሽባቸውም። ስለ እርስዎ የደረሰኝ ዳታቤዝ ግን ማንም እንዲህ አይጨነቅም፤ ያለው አንድ ቦታ ነው፣ የሚፈልገውም አንድ ሰው ነው። ስለዚህ «ዩትዩብ ይሠራል፣ መስመሩ ደህና ነው» የሚል ሙግት ስለ ሁለቱ ቢሮዎችዎ ምንም አይነግርዎትም። ስፒድ ቴስትም እንደዚሁ ነው፤ የሚለካው ብዙውን ጊዜ አቅራቢው ራሱ ግቢ ውስጥ እስካለ ሰርቨር ድረስ ነው።

ስለ ጠለፋው። መንገድ መርዘሙ ብቻውን የመጠለፍ ምልክት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የንግድ ውሳኔ ውጤት ነው። ነገር ግን ልጁ የፈራው ነገር ከንቱ አይደለም። የሒሳብ መረጃዎ ያለ ምሥጢር ቁልፍ እየተላከ ከሆነ በየቀኑ በሌሎች አገሮችና ኩባንያዎች እጅ ያልፋል። ይህ ቤት ውስጥም ቢሆን መስተካከል ያለበት ነው። በሁለቱ ቢሮ ራውተሮች መካከል ዋየርጋርድ የተባለውን መረጃ የሚቆልፍ ፕሮግራም ይዘርጉ፤ ነፃ ነው፣ ብዙ ራውተሮች ይዘውት ይመጣሉ። በየወሩ የሚከፈልበትን የስልክ ቪፒኤን ግን አይግዙ። የሱ ሰርቨር ያለው ውጭ ስለሆነ አሁን በግድ የሚሄዱትን መንገድ በፈቃድዎ ከፍለው መሄድ ይሆናል። ዋየርጋርዱም ቢሆን ይቆልፋል እንጂ አያሳጥርም፤ መረጃው ተቆልፎ ማርሴይ ይሄዳል።

ከፍጥነቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ቀይ ባሕር ውስጥ ሲኮም፣ ኢአይጂና ኤኤኢ-1 የተባሉት ኬብሎች ተቆረጡ። በዚያው ዓመት ግንቦት ደግሞ ኢሲ የተባለው ኬብልና ሲኮም ወደ ደቡብ በሚወስደው መስመር ተቆርጠው ምሥራቅ አፍሪካ ለቀናት ተንፏቀቀ። አገራችን ባሕር በር ስለሌላት የምትወጣው በጎረቤት ነው፤ በጅቡቲ፣ በሞያሌ ወደ ኬንያ፣ በመተማ ወደ ሱዳን። እነዚህ በሮች ሲጠቡ ፌስቡክ ቢንቀራፈፍ ይገባኛል። ከፖስታ ቤት አራት ኪሎ ደረሰኝ መክፈት አለመቻል ግን አይገባኝም። መርከብ መልሕቁን የመን አጠገብ ሲጎትት የእርስዎ ገንዘብ ያዥ ሥራ የምትፈታ ከሆነ፣ ሁለቱ ቢሮዎችዎ በተግባር የሚኖሩት ባሕር ማዶ ነው።

ምን ያድርጉ? በዚህ ሳምንት፣ ያለ ብዙ ወጪ፣ የሒሳብ ፕሮግራሙን አራት ኪሎ ላይ መክፈት ይተዉ። ፖስታ ቤት ካለው ሰርቨር አጠገብ አንድ ኮምፒውተር ያስቀምጡና ገንዘብ ያዥዋ በሪሞት ዴስክቶፕ (የሩቅ ኮምፒውተርን ስክሪን ፊት ለፊት አምጥቶ በሚያሠራ ፕሮግራም) እሱ ላይ ትግባ። ያኔ አርባዎቹ ጥያቄዎች እዚያው ቢሮ ውስጥ እያንዳንዳቸው በአንድ ሚሊ ሰከንድ ይመለሳሉ፤ ባሕር የሚሻገረው የስክሪኑ ምስልና የቁልፍ ምቷ ብቻ ነው። ፊደሉ ትንሽ ዘግይቶ ይታያታል፣ ደረሰኙ ግን ወዲያው ይከፈታል። ማሳሰቢያ፦ ሪሞት ዴስክቶፑን በቀጥታ ለኢንተርኔት አይክፈቱት። በቀናት ውስጥ፣ ምናልባትም በሰዓታት፣ የይለፍ ቃል የሚሞክሩ ማሽኖች በሩን ያንኳኳሉ። ከላይ ባልሁት ዋየርጋርድ ውስጥ ብቻ ይግባ።

ቀጥሎ ሁለቱን ቢሮዎች ወደ አንድ አቅራቢ ያምጡ። ይህ የእኔ ቁርጥ ያለ ምክር ነው። ከተቻለ በሁለቱ መካከል ኢንተርኔት የማይነካ የቢሮ ለቢሮ መስመር ይጠይቁ፤ ለድርጅት ደንበኞች ቪፒኤን በሚል ስም ይሸጣል፣ ከስልኩ ቪፒኤን ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኙት። ውል ከመፈረምዎ በፊት ግን የዋናው ቢሮ አቅራቢ አራት ኪሎ ላይ ምን እንደሚያደርስ በአንድ ሲም ካርድና በተዋሱት ራውተር ይሞክሩት፤ በሬዲዮ ስለሚመጣ 30 ወይም 40 ሚሊ ሰከንድ ካሳየ ይበቃል፣ ፋይበሩ ከዚያ ይሻላል።

ሁለተኛውን አቅራቢ ጭራሽ አያባርሩ፤ ለመጠባበቂያ ያቆዩት። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ፦ ሁለት አቅራቢ ማለት ሁለት መንገድ አይደለም። የሁለቱም ፋይበር በአንድ ጎዳና ዳር ጎን ለጎን ሊያልፍ ይችላል፣ የኮሪደር ልማቱ ኤክስካቫተር ደግሞ የድርጅት ስም አያነብም። ዋናው በፋይበር ከሆነ መጠባበቂያው በሞባይል ኔትወርክ ይሁን።

የቀሩትን አማራጮች ለእርስዎ አልመክርም። ሰርቨሩን አይሲቲ ፓርክ ካሉት፣ እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ካሉ የተለያዩ አቅራቢዎች ከሚገቡባቸው ዳታ ሴንተሮች ወደ አንዱ ወስዶ ከሁለት አቅራቢ መስመር ማስገባት ለባንክ ወይም ለሶፍትዌር አከራይ ተገቢ ነው፤ ለሁለት ቢሮ ማተሚያ ቤት ግን ዝንብን በጥይት መምታት ነው። የራስን ኦቶኖመስ ሲስተም ቁጥር ማውጣትም እንደዚሁ። በጣሪያ ላይ ሁለት አንቴና ተክሎ በቀጥታ ማገናኘት ያጓጓል፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ለሬዲዮ ምንም አይደለም። ግን በመካከል ስንት ፎቅ እየተሠራ እንደሆነ ያዩታል፣ ዛሬ የሚተያይ ጣሪያ በመንፈቅ ውስጥ ሊሸፈን ይችላል። መሣሪያ ከመግዛትዎም በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቁ።

ለባለሥልጣኑ አቤቱታ ማቅረብም ይችላሉ፤ የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ስለ ኦፕሬተሮች ትስስር የሚደነግገው ነገር አለ። «ኢንተርኔት ይንቀራፈፋል» ብለው ከጻፉ ግን ከሺዎች አንዱ ይሆናሉ። ሰባት ቀን ይለኩ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ቀን ስምንት ሰዓት፣ ማታ ሦስት ሰዓት። ትሬስራውቱን ከሁለቱም ቢሮ ያድርጉት፤ መሄጃና መመለሻ አንድ መንገድ ላይሆኑ ይችላሉ፣ ትሬስራውት ደግሞ የሚያሳየው መሄጃውን ብቻ ነው። መሐል ላይ ኮከብ ብቻ የሚያሳይ መስመር ቢያገኙ አይደንግጡ፤ ያ ራውተር መልስ አልሰጥም አለ እንጂ አልተበላሸም። ቁጥሩ ዘልሎ ወጥቶ እስከ መጨረሻው ሳይወርድ የቀረበትን መስመር ያስምሩበት። ያንኑ ወረቀት ለሁለቱም አቅራቢዎች ይላኩ፣ ለሽያጭ ክፍሉ ሳይሆን ለኔትወርክ ክፍሉ። አንዳንዴ አድራሻዎን ማስነገር የረሳ አንድ ሠራተኛ በአምስት ደቂቃ ያስተካክለዋል።

አዲሱን ውል ሲፈርሙ የሜጋውን ቁጥር ብቻ አይዩ። «በሁለቱ ቢሮዎች መካከል ደርሶ መልስ ከ10 ሚሊ ሰከንድ አይበልጥም» የሚል አንድ መስመር እንዲጨመር ይጠይቁ። አንጽፍም ካሉ የዓመቱን ትተው የአንድ ወር ብቻ ይክፈሉ።